የተቆለፈ የፒኤልሲ ፕሮግራም፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ፋብሪካ ይበጃል?

አዳማ ውስጥ በዱቄት፣ በፓስታ፣ በዘይትና በፕላስቲክ ፋብሪካዎች የኮንትሮል ፓነል በር ከፍቼ በቆምኩባቸው ዓመታት ከሁሉ በላይ የተጠየቅሁት ጥያቄ «ኢንጂነር፣ ይሄን ፒኤልሲ መክፈት ትችላለህ?» የሚለው ነው። ፒኤልሲ ማለት በፓነሉ ውስጥ ተቀምጦ በተጻፈለት ፕሮግራም ማሽኑን የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ጥያቄው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ቆሞ፣ ሠራተኛው ሥራ ፈቶ፣ የተጫነ መኪና በር ላይ እየጠበቀ ነው። ማሽኑን የሠራው ድርጅት ፕሮግራሙን በፓስወርድ ቆልፎታል፤ የተከለው ባለሙያ ወደ አገሩ ከተመለሰ ዓመታት አልፈዋል፤ ፋብሪካው እጅ ውስጥ የተቀመጠ ቅጂ የለም። በዚህ ሰዓት የሚሰጥ ውሳኔ በችኮላ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ያሉት መንገዶች ተረጋግቶ ለሚያነብ ሰው አስቀድመው ጎን ለጎን ቢቀመጡ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ጽሑፉ የታሰበው ለፋብሪካ ባለቤቶች፣ ለጥገና ኃላፊዎችና ሥራውን ገና ለጀመሩ ወጣት ቴክኒሻኖች ነው።

በእርግጥ መክፈት ያስፈልጋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የዱቄት ፋብሪካ፣ የማሸጊያ ማሽኑ የታተመውን ላስቲክ ያለቦታው እየቆረጠ ስላስቸገረ አስጠራኝ። የጥገና ኃላፊው «ፕሮግራሙ ተበላሽቷል» ብሎ ደምድሞ ስለነበር ቀኑን ሙሉ የተወያየነው ስለ ፓስወርዱ ነበር። ማምሻውን አንድ ወጣት ቴክኒሻን ከቴሌግራም ያወረደውን መክፈቻ ሶፍትዌር በፍላሽ ይዞ መጣ። አንቲቫይረሱ ሲያስጠነቅቅ «አጥፉት፣ ሁሌም እንዲህ ይላል» አለ፤ እኔም ዝም አልኩ፤ ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ፓስወርዱ በደቂቃዎች ውስጥ ወጣ፤ ፕሮግራሙን ከፍተን መስመር በመስመር ስናየው ግን አንዳች የጎደለው ነገር አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት የማሽኑ ኦፕሬተር፣ በላስቲኩ ላይ ያለውን ጥቁር ምልክት የሚያነበውን ፎቶሴል በጋዋኗ ጫፍ ስትጠርገው የጠጠረው ዱቄት እንደ ቅርፊት ተላጦ ወደቀ፤ ማሽኑም በትክክለኛው ቦታ መቁረጥ ጀመረ። ሳምንት ሳይሞላ የጥገናው ላፕቶፕ ተንቀረፈፈ፤ በፋብሪካው ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት ፍላሾች ፎልደሮቻቸው ተደብቀው ሾርትከት ብቻ ያሳዩ ጀመር፤ ቫይረሱ እስከ ሂሳብ ክፍል ደርሶ ነበር። እሱን ለማጽዳት የፈጀብን ጊዜ ማሽኑ ከቆመበት ጊዜ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ ከማንኛውም ንጽጽር በፊት መቅደም ያለበት አንድ እውነታ አለ። የፒኤልሲ ፕሮግራም እንደ ቤሪንግ አይበላም፤ እንደ ቀበቶም አይላላም። ትናንት በትክክል ሲሠራ የነበረ ፕሮግራም ማንም ሳይነካው ዛሬ አሠራሩን ቢለውጥ፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከሴንሰር፣ ከገመድ፣ ከሪሌይ፣ ከኃይል ማቅረቢያው ወይም ከአየር ግፊቱ ነው። በእያንዳንዱ ኢንፑት (የሴንሰር ምልክት ወደ ፒኤልሲው በሚገባበት ነጥብ) ጎን ያለችው ትንሽ መብራት ሴንሰሩ ምልክት እያደረሰ መሆን አለመሆኑን ያለ ምንም ፓስወርድ ትናገራለች። የኤሌክትሪክ ንድፉን በአንድ እጅ፣ መልቲሜትሩን በሌላው ይዞ ኢንፑቶቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ፕሮግራሙን ከመክፈት ይቀድማል። ፕሮግራሙ ራሱ የሚጠፋባቸው ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፤ ዋናው፣ በባትሪ የሚታገዝ ማኅደረ ትውስታ ያላቸው የቆዩ ፒኤልሲዎች ባትሪያቸው ደክሞ ኃይል ሲቋረጥ የሚደርሰው ነው።

ሁለተኛው የተለመደ ስጋት «ሲፒዩው፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚያስኬደው የፒኤልሲው ዋና ክፍል፣ ቢቃጠልስ?» የሚል ነው። ለዚህም ቢሆን መክፈት ሁልጊዜ አያስፈልግም። በአገራችን በብዛት የሚገኘው የሲመንስ ኤስ7-300 ፕሮግራሙን የሚይዘው ከፊት ለፊቱ በሚሰካው ኤምኤምሲ ካርድ ላይ ስለሆነ፣ ሲፒዩው ቢሞት ካርዱን ነቅሎ ተመሳሳይ በሆነ ሌላ ሲፒዩ ላይ መሰካት ማሽኑን ያስነሳዋል፤ ፕሮግራሙም በፓስወርዱ እንደተቆለፈ ይቀጥላል። ነገር ግን ካርዱ ኃይል ሳይጠፋ መነቀል የለበትም፤ ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ በዊንዶውስ ፎርማት ማድረግም ካርዱን ለፒኤልሲ የማይሆን ያደርገዋል። አንድ መለዋወጫ ሲፒዩ ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ለዚህ ስጋት ከሁሉ የተሻለ መልስ ነው።

እንግዲህ መክፈት በእውነት የሚያስፈልገው ማሽኑ የሚሠራውን ነገር መለወጥ ሲፈለግ፣ አዲስ ሴንሰር ወይም ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ሲጨመር፣ ወይም ሃርድዌሩ ከገበያ ወጥቶ ወደ አዲስ ሲዛወር ነው።

የተቆለፈው ምኑ ነው?

«ተቆልፏል» የሚለው ቃል አራት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል፤ መንገዱም እንደ ቁልፉ ይለያያል። አንደኛው የታች ስክሪኑ (ኦፕሬተሩ በጣቱ እየነካ ማሽኑን የሚያዝበት ስክሪን) ፓስወርድ ነው፤ ይህ የማሽኑን ማስተካከያዎች ብቻ የሚከልል ሲሆን ብዙ ጊዜ በማሽኑ መመሪያ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ሁለተኛው በላፕቶፕ ላይ ያለው የፕሮጀክት ፋይል ፓስወርድ ነው። ሦስተኛው ሲፒዩውን እንዳይነበብ ወይም እንዳይጻፍበት የሚከለክለው ነው። አራተኛው ደግሞ አምራቹ የራሱን ዕውቀት ለመጠበቅ አንዳንድ የፕሮግራም ክፍሎችን ብቻ የሚዘጋበት ነው፤ በዚህ ጊዜ የቀረው ፕሮግራም ክፍት ስለሆነ አብዛኛውን ማሻሻያ የተዘጋውን ክፍል ሳይነኩ መሥራት ይቻላል። የታች ስክሪን ፓስወርድ ጠፍቶት ፒኤልሲውን ለማስከፈት ገንዘብ የከፈለ ፋብሪካ አውቃለሁ፤ ያዘነው ባለቤቱ ብቻ አልነበረም።

ከእነዚህ ውጭ፣ ያልተከፈለ ቀሪ ሒሳብ ሲኖር ማሽኑን ከተወሰነ ሰዓት በኋላ እንዲያቆም የሚያደርግ የጊዜ ቁልፍ አለ። ይህ የውል ጉዳይ ነው፤ መፍትሔውም በድርድር እንጂ በላፕቶፕ አይገኝም።

ንጹሕ መንገዶች፣ እርስ በርስ ሲነጻጸሩ

ከሁሉ ርካሹ መንገድ ፍለጋ ነው፤ ሆኖም ከሁሉ በላይ የሚናቀውም እሱ ነው። በፓነሉ በር ውስጥ ባለው ኪስ የተቀመጠ ሲዲ፣ ከሥራ የለቀቀው ባለሙያ ትቶት የሄደው አሮጌ ላፕቶፕ፣ ማሽኑ በተተከለበት ወቅት የተላላኩት ኢሜይል፣ በማስረከቢያ ሰነዱ የመጨረሻ ገጽ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር፦ እነዚህን ሁሉ ለመፈተሽ ሁለት ቀን መስጠት አያስቆጭም። የቀድሞ የጥገና ኃላፊዎችንም በአክብሮት ደውሎ መጠየቅ ይገባል። የሚገኘው ፋይል ግን በሲፒዩው ውስጥ ካለው ጋር አንድ መሆኑ በፕሮግራሚንግ ሶፍትዌሩ ማነጻጸሪያ ካልተረጋገጠ በቀር እንደ እውነተኛ ቅጂ መወሰድ የለበትም፤ ሲፒዩው እንዳይነበብ ከተቆለፈ ደግሞ ማረጋገጫው በመለዋወጫ ሲፒዩ ላይ ጭኖ በጥንቃቄ መፈተሽ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ማሽኑን ለሠራው ድርጅት መጻፍ ነው። እዚህ ላይ የብዙዎቻችን ስሕተት «ፓስወርዱን ስጡን» ብለን መጀመራችን ነው፤ ይህ ጥያቄ ዕውቀቱን ሊቀማ የመጣ ሰው ጥያቄ ስለሚመስል እምቢታን ይጋብዛል። ከዚያ ይልቅ የማሽኑን መለያ ሰሌዳ ፎቶ፣ የግዢ ደረሰኙን፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑንና ሊደረግ የታሰበውን ማሻሻያ በግልጽ የሚያስረዳ ደብዳቤ አያይዞ የፕሮግራሙን ቅጂ ወይም ማሻሻያውን ራሳቸው እንዲሠሩት መጠየቅ የተሻለ ውጤት ያመጣል። ጊዜ ይፈጃል፤ በውጭ ምንዛሪ ሊያስከፍልም ይችላል። ነገር ግን ለቦይለር በርነር፣ ለአሞኒያ ማቀዝቀዣ፣ ለፕሬስ ማሽንና በአጠቃላይ ሰው ሊጎዱ ለሚችሉ ማሽኖች እኔ ከዚህ ሌላ መንገድ አልመክርም፤ ምክንያቱም በፕሮግራሙ ውስጥ ያሉት የደኅንነት ሁኔታዎች ለምን እንደገቡ የሚያውቀው የጻፈው ሰው ነው።

የፒኤልሲው አምራች ወይም የአገር ውስጥ ወኪሉ ሦስተኛው በር ነው። ይህ በር ብዙ ሰው የሚጠብቀውን ያህል አይከፍትም፤ ፓስወርዱን ያስገባው ማሽን ሠሪው ስለሆነ ፒኤልሲውን የሠራው ኩባንያ አያውቀውም። ሊረዳ የሚችለው ፒኤልሲውን አጥፍቶ እንደ አዲስ በማስጀመር ነው። ለምሳሌ ከምርት ከወጣ በቆየው ኤስ7-200 ላይ፣ ሲመንስ በመመሪያው እንዳሰፈረው፣ በፓስወርዱ ቦታ «ክሊርፒኤልሲ» የሚለውን ቃል በመጻፍ ፓስወርዱን ከነፕሮግራሙ ማጥፋት ይቻላል፤ በኤስ7-1200 ላይ ደግሞ ባዶ ማስተላለፊያ ካርድ በመጠቀም የተቆለፈው ፕሮግራም ይጠፋል። እዚህ ላይ «ይጠፋል» የሚለው ቃል በደንብ ይጤን። ይህ አማራጭ የሚጠቅመው የተረጋገጠ ቅጂ ላለው ወይም ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ለሚጽፍ ብቻ ነው፤ ቅጂ ሳይኖረው የሚያጠፋ ሰው የሚሠራ ማሽን ወደ ብረት ክምር ይለውጣል። ከፕሮግራሙ ጋር የሚዛን ማስተካከያዎች፣ የጊዜ ቁጥሮችና የምርት ቅንብሮችም አብረው ስለሚጠፉ፣ እያንዳንዱን የታች ስክሪን ገጽ አስቀድሞ በስልክ ፎቶ ማንሳት ግዴታ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በፋብሪካዎቻችን ላሉት መካከለኛ ማሽኖች እኔ የማደላው ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ወደ መጻፉ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ ግን ሃያና ሠላሳ ኢንፑትና አውትፑት ያለው የማሸጊያ፣ የማጓጓዣ ወይም የማደባለቂያ ማሽን ሥራው በዓይን የሚታይ ነው። ገመዶቹን ተከትሎ የእያንዳንዱን ኢንፑትና አውትፑት ዝርዝር መሥራት፣ ማሽኑ ሲሠራ በቪዲዮ ቀርጾ ቅደም ተከተሉን ማጥናት፣ ኦፕሬተሮቹን «ይህ በር ሲከፈት ምን ይሆናል? ላስቲክ ሲያልቅስ?» እያሉ መጠየቅ፣ ከዚያም ጽፎ በመለዋወጫ ሲፒዩ ላይ መፈተሽ ነው። ዋናው ሲፒዩ ሳይነካ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ አዲሱ ካልሠራ በአሥር ደቂቃ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የዚህ መንገድ ድካም የተደበቁት ሁኔታዎች ናቸው፦ ዋናው ጸሐፊ ያስገባው፣ በተለመደው ሥራ ጊዜ የማይታይ መከላከያ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የድንገተኛ ማቆሚያውና የበር መቆለፊያዎቹ በፕሮግራሙ ላይ ሳይሆን በቀጥታ በደኅንነት ሪሌይ የተያያዙ መሆናቸው መረጋገጥና አንድ በአንድ መፈተሽ አለበት። ጥቅሙ ግን ሌላው መንገድ የማይሰጠው ነው፤ ፋብሪካው ከዚያ በኋላ ከነማብራሪያው የራሱ የሆነ ፕሮግራም ይኖረዋል። ፓስወርዱ ተገኝቶ ፕሮግራሙ ቢነበብ እንኳ በብዙ የቆዩ ፒኤልሲዎች ላይ የምልክቶቹ ስምና ማብራሪያ በሲፒዩው ውስጥ ስለማይቀመጡ የሚወጣው ስም አልባ የአድራሻ ክምር ነው፤ እሱን መረዳት እንደ አዲስ ከመጻፍ የማይተናነስ ጊዜ የሚወስድበት አጋጣሚ አለ።

ፒኤልሲውን ጨርሶ በአዲስ መተካት የዚሁ መንገድ ታላቅ ወንድም ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የሚመጣው ፕሮፎርማ ከባድ ቢሆንም፣ ሃርድዌሩ ከምርት ከወጣ ለአሮጌው የሚወጣው ጉልበት ብዙም አይቆይም።

በፍላሽ የሚመጣው መንገድ

አሁን ሁሉም ወደሚያውቀው፣ ጥቂቶች ብቻ ግን ጮክ ብለው ወደሚናገሩት መንገድ እንምጣ። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጡና የሚታደሉ የፓስወርድ መክፈቻ ሶፍትዌሮች ለሲመንስ፣ ለሚትሱቢሺ፣ ለኦምሮን፣ ለዴልታና ለሌሎችም ብዙ ፒኤልሲዎችና ታች ስክሪኖች አሉ ይባላል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 በኢንዱስትሪ ሳይበር ደኅንነት ላይ የሚሠራው ድራጎስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከእነዚህ አንዱን፣ አውቶሜሽን ዳይሬክት ለሚያመርተው ዳይሬክትሎጂክ 06 ፒኤልሲ የተሠራውን፣ ፈትሾ ያገኘውን ይፋ አደረገ። ሶፍትዌሩ ፓስወርዱን በእርግጥ ያወጣል። ፓስወርዱን ግን «አልሰበረውም»፤ በፒኤልሲው ፈርምዌር (አምራቹ በመሣሪያው ውስጥ በጫነው መሠረታዊ ሶፍትዌር) ውስጥ የነበረን ክፍተት ተጠቅሞ ፓስወርዱ ራሱ እንዲላክለት አደረገ እንጂ። ያንኑ እየሠራ ላፕቶፑ ላይ ሳሊቲ የተባለውን ማልዌር (ጎጂ ሶፍትዌር) ይጭናል። ሳሊቲ በፍላሽና በኔትወርክ በሚጋሩ ፎልደሮች ይዛመታል፤ አንቲቫይረሱን ያዳክማል፤ ኮምፒውተሩን በሌሎች ትእዛዝ የሚሠራ የኮምፒውተሮች መረብ አባል ያደርገዋል፤ በተጨማሪም በየግማሽ ሴኮንዱ የተቀዳውን ጽሑፍ እየተመለከተ የክሪፕቶ ገንዘብ አድራሻ ካገኘ በራሱ አድራሻ ይቀይረዋል። አምራቹ ክፍተቱን የሚደፍን ፈርምዌር አውጥቷል።

አደጋው በትክክል ያለው ሶፍትዌሩ ስለሚሠራ ነው። ባይሠራ ኖሮ ቴክኒሻኑ ተጠራጥሮ ይጥለው ነበር፤ ስለሠራ ግን ለሚቀጥለው ፋብሪካ፣ ከዚያም ለሚቀጥለው ይዞት ይሄዳል። የጥገና ላፕቶፕ ደግሞ እንደ ሌላው ኮምፒውተር አይደለም። አሮጌዎቹን የፕሮግራሚንግ ሶፍትዌሮች ለማስኬድ ሲባል ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት ነው፤ ማይክሮሶፍት ለዚህ ሲስተም የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ነው። ያው ላፕቶፕ ዛሬ ከፓስታ ፋብሪካ፣ ነገ ከዘይት ፋብሪካ፣ ከነገ ወዲያ ከውኃ ፓምፕ ጣቢያ ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስተክስኔት የተባለ ማልዌር ከውጭው ዓለም ኔትወርክ በተለየው የኢራኑ የናታንዝ የኒውክሌር ተቋም ውስጥ ያሉትን የሲመንስ ፒኤልሲዎች የደረሰው በእንዲህ ያለው መንገድ፣ በፍላሽና ፕሮግራሚንግ ሶፍትዌሩ በተጫነባቸው ኮምፒውተሮች በኩል ነበር። የእኛ ፋብሪካ የመንግሥታት ዒላማ ላይሆን ይችላል፤ በሩ ግን ያው በር ነው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ አማራጭ ማኅደረ ትውስታውን ከቦርዱ ፈትቶ የሚያነብ ባለሙያ መቅጠር ነው። ማልዌር አያመጣ ይሆናል፤ የሚሠራው ግን ባለው አንድ ሲፒዩ ላይ ስለሆነ ያለ መለዋወጫ የሚሞክረው ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ አሲዟል።

ሕጉንም በአጭሩ ላንሣ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል ያደርጋል፤ የቅጂ መብትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ውስጥ ያስገባል። ማሽኑ የራሳችሁ መሆኑ በውስጡ ያለው ፕሮግራም የራሳችሁ ነው ማለት ላይሆን ስለሚችል፣ ውሉን ከሕግ ባለሙያ ጋር ማንበብ ያስፈልጋል። ቴክኒሻኖች ሆይ፣ ከባለቤቱ የተጻፈና የተፈረመበት ፈቃድ ሳትይዙ ማንኛውንም የተቆለፈ ፒኤልሲ አትንኩ።

ከተከፈተ በኋላ

የተከፈተ ፒኤልሲ ክፍት ሆኖ መቅረት የለበትም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የአሊኪፓ ከተማ የውኃ አገልግሎት ውስጥ የነበረ፣ ዩኒትሮኒክስ የተባለው ኩባንያ የሠራው ፒኤልሲ በአጥቂዎች እጅ የወደቀው ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ስለነበረ ነው፤ በጊዜው ጥቃት የደረሰባቸው እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች አምራቹ ያስገባው ፓስወርድ «1111» እንደሆነ የተተዉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 በሳዑዲ ዓረቢያ አንድ ፔትሮኬሚካል ተቋም ላይ በተፈጸመው ጥቃት ደግሞ፣ ትራይኮኔክስ በተባለው የደኅንነት መቆጣጠሪያ ላይ ያለው የቁልፍ ማዞሪያ «ፕሮግራም» በሚለው ቦታ ተትቶ መገኘቱ አጥቂዎቹ እንዲጽፉበት አስችሏል። ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ ቁልፉ ወደ «ራን» (ሥራ) ቦታ ይመለስ፤ አዲሱን ፓስወርድ ባለቤቱና የጥገና ኃላፊው ይወቁት፤ ለርቀት ድጋፍ የተሰካው የሲም ካርድ ሞደም ሥራው ባለቀ ሰዓት ይነቀል። አዲስ ኤስ7-1200 የሚገዛ ሰው ፈርምዌሩ 4.5 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑንና የሲመንስ ፕሮግራሚንግ ሶፍትዌር ከሆነው ከቲአይኤ ፖርታል ቪ17 ወይም ከዚያ በኋላ ከወጣ ጋር መሠራቱን ይጠይቅ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የሚስጥር መጠበቂያቸው በአንድ የጋራ ቁልፍ ላይ የተመሠረተ እንደነበረ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ሆኗል።

ቀጣዩን ማሽን የምትገዙ ባለቤቶች ደግሞ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሦስት ነገሮች እንዲገቡ በውሉ ላይ አስጽፉ፦ የፕሮግራሙ ሙሉ ፋይል ከነማብራሪያው፣ የሁሉም ፓስወርዶች ዝርዝር፣ እንዲሁም የእናንተ ባለሙያ ባለበት ያንኑ ፋይል ባዶ ሲፒዩ ላይ ጭኖ ማሽኑን የማስነሣት ሙከራ። ፋይሉ በሁለት ፍላሽ ይገልበጥ፤ አንዱ ከፓነሉ ርቆ በገንዘብ ካዝናው ውስጥ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ የማሽኑ ስምና የተወሰደበት ቀን በላዩ ተጽፎበት ይቀመጥ።